ማጅራት ላይ የሚወሰን ቁርጥ፦ ስለ ቦብ ለጠየቃችሁን

ስለ አጭር ፀጉር የሚደርሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው የሚያርፉት ቦብ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጠነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት ገብቼ «ቦብ ቁረጪልኝ» ስል አንዷ ጆሮዬ ሥር ታደርሰዋለች፣ ሌላዋ ትከሻዬ ላይ ትተወዋለች። ሁለቱም ቦብ ነው ይሉኛል። ትክክለኛው የቱ ነው? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ሁለቱም አልዋሹም። ቦብን ቦብ የሚያሰኘው ርዝመቱ ሳይሆን ጠርዙ ነው። ፀጉሩ ዙሪያውን አንድ ግልጽ መስመር ላይ ያልቃል፤ ክብደቱም እዚያው መስመር ላይ ይቀመጣል። ሌየር (በተለያየ ርዝመት የተደራረበ ቁርጥ) በዝቶበት ጫፉ የሳሳ ፀጉር አገጭ ላይ ቢያበቃም ቦብ አይባልም። ትከሻ የሚነካው ደግሞ ጠርዙ ሙሉ እስከሆነ ድረስ ቦብ ነው፤ ይህን ረጅሙን ብዙዎች ሎብ ይሉታል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ልዩነቶች ጥቂት ናቸው። ዙሪያውን እኩል የሚሄደው ነባሩ ነው። ከኋላ አጠር ብሎ ወደ ፊት ከ2 እስከ 4 ሴንቲ የሚረዝም አለ። ማጅራት ላይ በደረጃ እያጠረ ሄዶ የጭንቅላት የኋላ አጥንት ጋ ሞላ የሚለው ደግሞ ግራዱዌትድ ቦብ ነው፤ ከጎን ሲታይ የሚያምረው ይኸኛው ነው፣ ሲበላሽም ከሁሉ የከፋው።

ፀጉር ቤት ሲገቡ ስሙን ይተዉና ቦታውን በጣት ያሳዩ። ፊት ለፊት የት ይብቃ? ማጅራት ላይስ? ይህን ሲሉ ፀጉሩ ደርቆ ማለትዎ መሆኑንም ይናገሩ። ፎቶ ከያዙ ከጎንና ከኋላ የተነሳ ይሁን፤ የፊት ፎቶ ስለ ቁርጡ የሚናገረው ትንሽ ነው። ክብ ፊት ካለዎት መስመሩ ከአገጭ 2 ወይም 3 ሴንቲ ዝቅ ቢል ይሻላል፤ መስመሩ ያለቀበት ቦታ ሁሉ ሰፍቶ ስለሚታይ ጉንጭ መሐል ላይ የቆመ ቦብ ጉንጭን ያሰፋል። ረጅምና ቀጭን ፊት ላይ ግን ይኸው «ጥፋት» ጥቅም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቦብን የፈለሰፈችው ኮኮ ሻኔል ናት የሚል አነበብኩ። እውነት ነው? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። ሻኔል ፀጉሯን ያሳጠረችው ሌሎች ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ዝናዋ ቁርጡን አስፋፋው እንጂ አልወለደውም። አንድ ፈልሳፊ መፈለግም ከንቱ ድካም ነው፤ ግንባር ላይ ተቆርጦ ጆሮ ሥር የሚያበቃ ፀጉር ለዘመናት የልጆችና የወንዶች ቁርጥ ሆኖ ኖሯል። አዲስ የነበረው ጎልማሳ ከተሜ ሴት ይዛው አደባባይ መውጣቷ ነው።

ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ባለሙያ ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊው አንቷን ነው፤ የልደት ስሙ አንቶኒ ቼርፕሊኮቭስኪ ይባላል። በ1909 የተዋናይት ኤቭ ላቫሊየርን ፀጉር አሳጠረ። እሷ ከአርባ ዓመት አልፋ ሳለ ወጣት መስላ መድረክ ላይ መውጣት ነበረባት። እሱም ቁርጡን በዣን ዳርክ ስም ጠራው፤ የወንድ ልብስ ለብሳ የዘመተችው ፈረንሳዊት ስም ላይ መንጠልጠሉ ብልህነት ነበር፤ የሚነቅፍ ሰው ጀግናዋንም አብሮ ሊነቅፍ ነዋ።

ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ከባሏ ከቨርነን ጋር በዳንስ ስሟ የገነነው አይሪን ካስል ነበረች። ሆስፒታል ልትገባ ስትል ተኝታ ለማበጠር እንዳይቸግራት ብላ ቆረጠችው፤ በ1915 አካባቢ «የካስል ቦብ» የብዙ ሴቶች ምኞት ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሴቶችን ወደ ፋብሪካ ሲያስገባ አጭር ፀጉር ከጌጥነት አልፎ የደኅንነት ጉዳይም ሆነ፤ የሚዞር ማሽን ረጅም ፀጉር ይስባል።

በ1920ዎቹ የሆነውን ለመረዳት አንድ የሙያ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የዚያ ዘመን የሴቶች ፀጉር ሠሪ የሠለጠነው ረጅም ፀጉር በመጠቅለል፣ በጋለ ብረት በማወዛወዝና በሽቦ በመስካት ነበር፤ ፀጉር መቁረጥ የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ሥራ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ወደ ወንዶች ፀጉር ቤት ጎረፉ። ከዚያ የተወሰደው የማጅራት አሠራር ነው በአሥርቱ ዓመታት መሐል ሺንግል የተባለውን ያመጣው፤ ማጅራት እንደ ወንድ አጥሮ ተቆርጦ መሐሉ ላይ ሹል ሆኖ ያበቃል። ቀጥሎ የመጣው ኢተን ክሮፕ ከዚያም አጠረ፤ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዙ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። የደወል ቅርጽ ያለው ጠባብ ባርኔጣም አጋዥ ሆነ፤ ጥቅል ፀጉር ላይ አይገባም ነበር። ግንባር ላይ ቀጥ ብሎ በተቆረጠው ጥቁር ቦቧ እስከ ዛሬ የምትጠቀሰው አሜሪካዊት ተዋናይት ሉዊዝ ብሩክስ ግን ፋሽኑን አልተከተለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችው ቁርጥ ነው።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፀጉር ረዘም አለ፣ ማዕበል ያዘ፣ ለመቆምም የሰው እጅ ፈለገ። በ1950ዎቹ ሴቶች በየሳምንቱ ፀጉራቸውን አስጠቅልለው ካስክ ሥር ይቀመጡ፣ በስፕሬይ አድርቀው ይወጡ ነበር። ይህን የሰበረው የለንደኑ ቪዳል ሳሱን ነው። በ1963 የልብስ ዲዛይነሯን የሜሪ ኳንትን ፀጉር ቦብ አደረገው፤ በዚያው ዓመት የተዋናይት ናንሲ ክዋን እጅግ ረጅም ፀጉር አገጯ ሥር አበቃ፤ ቴረንስ ዶኖቫን ያነሳው ፎቶዋም ዓለምን ዞረ። ሳሱን አርክቴክት መሆን ይመኝ የነበረ ሰው ነው፤ ከጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት የወሰደው ሐሳብ ቅርጹ ከመሠረቱ ይምጣ፣ ጌጥ አይሸከመው የሚል ነበር። ፀጉሩ ታጥቦ ራስ ሲነቀነቅ በቁርጡ ብቻ ቦታው ላይ ይወድቃል።

ይህ ተስፋ ግን ለሁሉም ፀጉር እኩል እንደማይሠራ መታወቅ አለበት። የክዋን ፀጉር ሉጫና ወፍራም ነበር። የከርዳዳውን ጉዳይ ከታች እንመጣበታለን።

ጥያቄ፦ አንድ ወጥ ቦብ ስቆርጥ ሁልጊዜ ቀኙ ከግራው ይረዝማል፤ ጆሮ ላይም ጎድጎድ ይላል። የምሳሳተው የቱ ጋ ነው? — የፀጉር ሥራ ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ መቀሱን ከመውቀስዎ በፊት ወንበሩን ይመልከቱ። ደንበኛዋ እግሯን አነባብራ ከተቀመጠች ዳሌዋ ይዘምማል፣ ትከሻዋ ይከተላል፣ ራሷም ሚዛን ሊጠብቅ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል። እርስዎ ግን በትከሻዋ ለክተው ቀጥ አድርገው ቆርጠዋል። ስትነሳ አንዱ ጎን ይረዝማል። ሁለቱም እግሮች ማሳረፊያው ላይ፣ አገጭ ከወለሉ ጋር ትይዩ፣ ስልክ ከእጅ ይውጣ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ውሃው ነው። እርጥብ ፀጉር ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቀኙን ቆርጠው ግራው ጋ ሲደርሱ ግራው ግማሽ ደርቆ ከሆነ ሁለቱን በተለያየ ሜትር ለክተዋል ማለት ነው። የውሃ መርጫው ከእጅዎ አይራቅ።

አሠራሩ ይህ ነው። ፀጉሩን ከግንባር መሐል እስከ ማጅራት፣ ከዚያ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት በኩል ከፍለው አራት ቦታ ያሲዙ። ከማጅራት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ የሚሆን ስስ አግድም ንጣፍ ያውርዱ፤ ቁልቁል አበጥረው መሐሉን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ወደ ሁለቱም ጎን ይቁረጡ። ይህ መሪ መስመርዎ ነው፤ የቀረው ሁሉ እሱን ይከተላልና እዚህ ላይ ይዘግዩ። ቀጣዩን ንጣፍ ሲያወርዱ መሪው በላዩ ካልታየዎት ንጣፉ ወፍራም ነው፤ ይቀንሱት። ፀጉሩን በጣት ይዘው ወደ ራስዎ አያንሱ። አንድ ጣት ያህል እንኳ ከፍ ካለ የላይኛው ፀጉር መስመሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ሳያስቡት ደረጃ ሠሩ፣ ጠርዙም ሳሳ። ለዚህ ነው ብዙ ባለሙያዎች ወጥ ቦብን በጣት ሳይሆን በማበጠሪያ ይዘው የሚቆርጡት።

ስለ ራስ አቀማመጥ አንድ ነገር፦ ደንበኛዋ በትንሹ ጎንበስ ብላ ኋላው ከተቆረጠ፣ ቀና ስትል የላይኛው ፀጉር ከታችኛው ጥቂት ይረዝምና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን ፈልገውት ከሆነ ጥሩ ነው። ጎኑ ጋ ሲደርሱ ግን ቀና ያድርጓትና መገናኛውን ደግመው ይዩ፤ መስመሩ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ነው።

ጆሮ ላይ የሚታየው ጉድጓድ ከመወጠር ይመጣል። ጆሮ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ላዩ የሚያልፈው ፀጉር ከጎረቤቱ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ወጥረው ከቆረጡት ሲለቁት ይዘላል። በማበጠሪያው ሰፊ ጥርስ ያውርዱት፤ ከመቁረጥዎ በፊት ጆሮው ላይ ያለውን ፀጉር በማበጠሪያው ጀርባ መታ መታ አድርገው ትንሽ ያላሉት። ማጅራት ላይ ወደ ላይ የሚበቅል ወይም የሚዞር ፀጉር ካለም እንዲሁ አይወጥሩ፤ 1 ሴንቲ ጨምረው ይተዉና ሲደርቅ ይጨርሱት።

መቀሱ 5.5 ወይም 6 ኢንች ይሁን፣ የተሳለም ይሁን። የደነዘ መቀስ ፀጉሩን ሳይቆርጥ ወደ ጫፉ ይገፋዋል፤ ቀጥ ያለው መስመር ጎባጣ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። ማሳሻውን (ባለ ጥርሱን) መቀስ ከጠርዙ ያርቁት።

ሲጨርሱ በፎን አድርቀው ፊት ለፊት ይቁሙ፤ ከሁለቱም ጎን ስስ ዘለላ በጣቶችዎ ይዘው አገጭ ሥር ያገናኙ። ልዩነት ካዩ ቶሎ አይቁረጡ፤ መጀመሪያ ራሷ ቀጥ ማለቱን ይዩ። ቀኙን ለግራው፣ ግራውን ለቀኙ እያሉ ጆሮ ላይ የደረሱ ቦቦች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ ከርዳዳ ነው፤ ሪላክሰር አልነካውም። ፔስትራ ተሠርቼ ቦብ ተቆረጥኩ፤ ሲታጠብ ግን ላዩ ተጣብቆ ጎኑ እንደ ጎጆ ክዳን ነፋ፣ ጠርዙም ከፍ ዝቅ አለ። ቆራጯ ናት ያበላሸችው? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ቁርጡ ላይበላሽ ይችላል፤ ሳይጠየቅ የታለፈ ጥያቄ ግን አለ። ፀጉሩን የሚይዙት ተተኩሶ ነው ወይስ እንደ ተፈጥሮው? አንድ ቁርጥ ሁለቱን አያገለግልም። ቦብ ሲቆረጥ ፀጉሩ በሚያዝበት ሁኔታ ላይ መሆን አለበት።

ከርዳዳ ፀጉር ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ተስቦ 20 ሴንቲ የሆነ ፀጉር 10 እንኳ ላይመስል ይችላል። ያውም እኩል አይሰበሰብም። በአንድ ራስ ላይ አናቱ፣ ማጅራቱና የጆሮ አካባቢው ጥቅላቸው ይለያያል፤ ተተኩሶ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለው መስመር ሲታጠብ የሚዘበራረቀው ለዚህ ነው። የጎጆው ክዳን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፦ ሁሉም ፀጉር አንድ መስመር ላይ ሲያልቅ የላይኛውም የታችኛውም ጥቅል እዚያው ይከማቻል፤ ሉጫ ፀጉር ተደራርቦ ይተኛል፣ ጥቅል ግን እርስ በርሱ ይገፋፋል። ታች ይሰፋል፣ አናት ባዶ ይሆናል።

እንደ ተፈጥሮው ሊይዙት ከሆነ ፀጉሩ ታጥቦ፣ ኮንዲሽነር አግኝቶ፣ በየቀኑ በሚይዙት መልክ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይቆረጥ። ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ይታዩ። ውጫዊው ጠርዝ ሳይነካ ከላይ ያሉት ጥቅሎች በጥቂቱ ያጥሩ፤ ይህ ሌየር ከውጭ አይታይም፣ ክብደቱን ግን ከታች ወደ ጎንና ወደ አናት ይበትነዋል። ሲቀነስ በትንሽ በትንሹ ይሁን። ጥቅሉ ላይ 1 ሴንቲ የቆረጡ ሲስቡት 2 ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ ያገኙታል። «ላሳሳልሽ» የሚልዎትን ማሳሻ መቀስ እምቢ ይበሉ፤ ጥቅሉን መሐል ላይ ስለሚቆርጠው አጫጭሩ ፀጉር ተነስቶ የበለጠ ይነፋል።

ተተኩሶ ከሆነ የሚይዙት ደግሞ ሁሉም ነገር ሙቀቱ ላይ ነው። ፀጉሩ ንጹሕ ይሁን፤ ከሙቀት የሚከላከል ክሬም ወይም ስፕሬይ ይቀባ፤ በፎን እስከ ሥሩ ይድረቅ። ብረቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለአብዛኛው ጤነኛ ፀጉር ይበቃል፤ ስስ ወይም ቀለም የገባበት ከሆነ 150 ይሞክሩ፣ ከ200 በላይ አይውጡ። ስሱን ዘለላ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ያሳልፉ። ሲያሳልፉ ጭስ የሚመስል እንፋሎት ከወጣ ወይም ጭስስ ካለ ያቁሙ፤ ፀጉሩ ውስጥ የቀረው ውሃ እየፈላ ነው፣ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ታጥቦ ወደ ጥቅሉ ያልተመለሰ ዘለላ ካዩ ተቃጥሏል። ያንን የሚመልስ ትሪትመንት የለም፤ አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው።

ሪላክሰር ላላቸው አንባቢዎችም እግረ መንገዳችንን፦ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ጠብቀው አዲስ የበቀለውን ብቻ ያስነኩ። ቀድሞ የተሠራው ላይ ደግሞ ከፈሰሰ መገናኛው ይሳሳና ይሰበራል። ረጅም ፀጉር ላይ ስብራት ይደበቃል። ቦብ ላይ ግን መደበቂያ የለውም፤ ቁርጡ ራሱ ጠርዝ ነውና።

ጥያቄ፦ ቦብ ተቆርጬ ለበዓል አገር ቤት ስሄድ አያቴ «ማን ሞቶብሽ ነው?» ብለው አለቀሱ። ምን ልበላቸው? — ከጎንደር

መልስ፦ አያትዎ የተሳሳተ ነገር አልተናገሩም፤ የሚያውቁትን ምልክት ነው ያነበቡት። በብዙ የአገራችን ገጠር የቅርብ ሰው የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትቆርጥ ወይም ትላጭ ነበር፤ ሹሩባ የነበረ ራስ አጥሮ ሲታይ መርዶ ነው። ሹሩባውን የፈታች ሴት በድንገት አጥራ ስትመጣ ያ ዓይን ሌላ ምን ሊያይ ይችላል?

ፈረንጆቹም ጋ ቢሆን በሰላም አልገባም። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ሰባኪዎች 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን እየጠቀሱ፣ ለሴት ረጅም ፀጉር ክብሯ ነው እያሉ ቦብን ያወግዙ ነበር። ለአያትዎ ግን ታሪክ ሳይሆን ዓይን ነው የሚያስፈልጋቸው። የሐዘን ፀጉር አይሠራም፣ አይቀባም። እርስዎ ጠርዙን አስተካክለው፣ ቅባት ነክተው፣ ሎቲዎን አድርገው ይቅረቡ። ለሚቀጥለው ደግሞ አስቀድመው ስልክ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ፍሪንጅ (ግንባር ላይ የሚወርደውን ፀጉር) ቤቴ ራሴ ብቆርጥስ? — ከዱባይ

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን እርጥብ ሳለ አይሁን። ከአናት ትንሽ ፊት ብሎ ተነስቶ በሁለቱ ዓይኖች የውጭ ጫፍ የሚያልቅ ሦስት ማዕዘን ይክፈሉ፤ ከዚያ አይስፋ። የቀረውን ያስሩት። በደረቁ፣ ሳይወጥሩ፣ ከቅንድብ 1 ሴንቲ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። መቀሱን በአግድም ሳይሆን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይዘው ጫፉን ነካ ነካ ያድርጉ፤ ስሕተት ቢኖር መስመር ሆኖ አይታይም። በጥቅል ፀጉር ላይ ከ1 ሴንቲው ይልቅ 3 ወይም 4 ይተዉ።

ጥያቄ፦ ቦብ የሆነ ዊግ ገዛሁ፤ ስለበስለው ከፎቶው ረዝሞ ትከሻዬ ላይ ይታጠፋል። ልቆርጠው? — ከቤይሩት

መልስ፦ ይቁረጡት፤ ግን ራስዎ ላይ ለብሰው ሳለ። የአሻንጉሊት ራስ ላይ ተሰክቶ የተለካ ዊግ ሰው ላይ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ ትከሻም የለውም። ከሚፈልጉት 1 ወይም 2 ሴንቲ አስረዝመው ይቁረጡ፤ ዊግ አያድግምና ያጠፉትን ጊዜ አያስተካክለውም። ሰው ሠራሽ ከሆነ የሙቀት መጠኑ ዕቃው ላይ ካልተጻፈ በቀር ብረት አያስነኩት፣ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ቦቤን በስንት ጊዜ ላስተካክለው? ላሳድገው ብፈልግስ? — ከመቀሌ

መልስ፦ ፀጉር በወር ወደ 1 ሴንቲ ወይም ጥቂት በላይ ያድጋል። ወጥ ቦብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆያል፤ ማጅራቱ በደረጃ ያጠረ ግን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ቅርጹን ይለቃል። ማሳደግ ከፈለጉ ፊቱን አያስነኩ፤ ሲሄዱ ማጅራቱን ብቻ ያስቆርጡ። ኋላው ከፊቱ ቀድሞ ከረዘመ ጭራ ያወጣል፤ ሴቶች ተስፋ ቆርጠው መልሰው የሚያሳጥሩት እዚያ ላይ ነው። ፊቱ አንገት መሐል ሲደርስ ማጅራቱን ይልቀቁት።